መስመሩ የእኔ፣ ዓይኑ የእሷ

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፮ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ የናፍቆቴን ያህል ብዙ ነው። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? ብርዱ በረታብኝ ብለህ ነበርና ደረትህን ሸፍነህ እንደምትወጣ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤህ ረቡዕ ደረሰኝ። ፖስታ ቤት ሄጄ የማመጣው እኔ ስለሆንኩ የባለቤትህንም አብሬ ተቀብያለሁ። የእሷ ፖስታ ሁልጊዜ ከእኔው ይወፍራል። እንዲህ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ያየሁትን መጻፌ ብቻ ነው።

የባለቤትህ የጉዞ ወረቀት ተዘጋጅቶ ማለቁን፣ ለእሷም ሆነ ለአባባ ግን ገና እንዳልነገርካቸው ጽፈህልኛል። «አባባ ያለ እሷ መሥራት ይችሉ እንደሆነ አንቺ ወስኚልኝ፤ አይችሉም ካልሽ እታገሣለሁ፣ ይችላሉ ካልሽ ትኬቱን እቆርጣለሁ። አንቺ አድልዎ አታውቂም» ብለህ ፍርዱን በእኔ ላይ ጣልከው።

መልሴ አጭር ነው። ይችላሉ። ትኬቱን ቁረጥ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ማሸግ እችል ነበር። ነገር ግን ምክንያቱ ያልተገለጸ ፍርድ ትእዛዝ እንጂ ፍርድ አይባልም። «ዳኛዋ» የሚል ቅጽል ያወጣችሁልኝ ዳቦ በማስመሪያ እየለካሁ ስለማካፍላችሁ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ስሜ ላስረዳህ።

ሥራውን በተመለከተ የሚጓደል ነገር አይኖርም። ከወንዝ ዳርና ከተራራ ሥር የለቀምናቸውን ድንጋዮች አጥቤ በየዓይነታቸው የምለየው እኔ ነኝ። በየትኛው በኩል ቢቆረጡ ውስጣቸው አምሮ እንደሚወጣ መርምሬ በአሉሚኒየም ዘንግ መስመር የማሰምረውም እኔ ነኝ፤ በሌላ ነገር የተሰመረውን የመጋዙ ዘይት ያጥበዋል። ድንጋዩን በሞርሳው መንጋጋ መሐል አስገብቼ፣ በእንጨት ሽብልቅ አስጨንቄ፣ ስለቱ ፊት ለፊት እንጂ በሰያፍ እንዳይገጥመው አድርጌ አስራለሁ። ድንጋይ በሞርሳ ውስጥ የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ስለቱ ይጣመማል፤ ስለቱ ከተጣመመ ደግሞ ከዚያ በኋላ ተቆርጦ የሚወጣው ስስ የድንጋይ ሰሌዳ ሁሉ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። እኔ ካሰርኳቸው ድንጋዮች አንድም ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ሰሌዳዎቹን ገዝተው ቀለበትና የአንገት ጌጥ የሚሠሩት ጌጥ ሠሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ያውቃሉ፤ ግን ገና ከበሩ ሲገቡ፣

«ሙሽሪት የለችም እንዴ?» ይላሉ።

ባለቤትህን አባባ እስከ ዛሬ «ሙሽሪት» ነው የሚሏት። ከሠርጋችሁ ብዙ ጊዜ ቢያልፍም ስሙ አልለቀቃትም፤ ሰፈሩም እኔም በዚሁ እንጠራታለን። ሙሽርነት መቼ እንደሚያበቃ የወሰነ ሰው አላገኘሁም።

ታታሪ ናት። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ወለሉን ትጠርጋለች፤ ከመጋዙ የወጡትን ሰሌዳዎች በዱቄት ሳሙና አጥባ ዘይታቸውን ታስለቅቃለች፤ ከደንበኛ ጋር ታወራለች። በተለይ ታወራለች። ፀጉር ቤት ስትሠራ ያመጣችው ልማድ ነው። ሞርሳውን «መቀመጫው»፣ ስለቱን «ምላጩ» ትላለች። ሳርማት «ገብቶሽ የለ?» ትለኛለች። ገብቶኛል፤ ነገሩ እሱ አይደለም።

በየዓይነታቸው ለይቼ፣ ስማቸውን ጽፌ የደረደርኳቸውን ድንጋዮች አንድ ቀን ተመልሼ ስገባ አፈራርሳ በሌላ መልክ ደርድራቸዋለች። «ቀዩ ከቀዩ ጋር ሲሆን ይኮራረፋሉ፤ የሚስማሙትን አጎራብቻቸው ነው» አለችኝ። ወደነበሩበት መለስኳቸው። በማግሥቱ አባባ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰድደው ፈለጉ፣ ፈለጉና፣ «ሙሽሪት፣ ያቺ ቅንድቧን የተላጨችው የት ሄደች?» አሉ። ቅንድቧን የተላጨች የምትባል ድንጋይ እኔ አላውቅም። ያቺ ድንጋይ ስም አላት፤ ወረቀት ላይ በእጄ ጽፌ ለጥፌባታለሁ።

የእማማን የቆዳ ሽርጥም ለእሷ ሰጥተዋታል። እማማ ካረፉ ጀምሮ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ የነበረውን። እኔ አልጠየቅኩም፤ ሳልጠይቅ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበርና። አባባ «ልብሷ በዘይት እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አሉ። የእኔ ልብስ ከድሮም የተበላሸ ስለሆነ ይሆናል።

አሁን የምጽፍልህን እንዳልነግርህ አባባ አጥብቀው አዘውኛል። ይሁንና ዳኛ አድርገህ ከሾምከኝ ማስረጃ ደብቄ ልፈርድ አልችልም። የአባባ ዓይን አንተ ከምታስበው በላይ ደክሟል። ቀንና ሌሊቱን ይለያሉ፤ በር ላይ የቆመ ሰው እንደ ጥላ ይታያቸዋል፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ሐኪሙ የቀረችውን ብርሃን በጠብታ ለማቆየት እንደሚሞክር፣ የጠፋው ግን እንደማይመለስ ነግሮናል። በስልክ «እያየሁ ነው፣ እየሠራሁ ነው» የሚሉህ በእጃቸው እያዩ ነው።

ሙሽሪት ስትራመድ ጫማዋን ስለምታንጣጣ ገና ከጓሮ «መጣሽ ሙሽሪት?» ይሏታል። እኔ ኮቴ የለኝም። አንድ ቀን አጠገባቸው ደርሼ ስቆም «ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ማን?»

ከዚያ ወዲህ እግሬን እየጎተትኩ እሄዳለሁ። ሙሽሪት አይታኝ «እግርሽን አመመሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መዋሸት ስላልፈለግኩ ሳልመልስላት አለፍኩ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የቤታችንን ደንብ ታውቀዋለህ፤ መስመሩን ያሰመረ ሰው የመጀመሪያውን ዓይን ያገኛል። መጋዙ ቆርጦ ሲጨርስ፣ የዘይቱ ጭጋግ ረግቶ መጋዙ የሚሽከረከርበት የብረት ሣጥን ክዳን ሲነሣ፣ ሰሌዳውን አውጥቶ በጨርቅ የሚጠርገው ያ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይጠብቃል። ያን ገጽ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ማንም አላየውም። ስለዚህ አንዱ ያያል፣ ላላዩት ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ያየዋል። በልጅነቴ ሣጥኑ ላይ መድረስ ሲያቅተኝ አባባ በርጩማ ያቆሙልኝ ነበር። አንተ ቀድመህ በስርቆት ለማየት ዘወር ስትል ጆሮህን ይዘው ይመልሱህ ነበር።

ዓይናቸው ከደከመም በኋላ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። የነገርኳቸውም እንደሚገባ ነው። «ቀይና ነጭ ሽንትር፣ ወደ መሐል እየቀጠነ የሚሄድ፤ መሐሉ ላይ ጥርት ያለ ክሪስታል፤ በታችኛው ዳር ስንጥቅ አለ» እላለሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ጥሩ» ይላሉ።

አንድ ቀን እንዲሁ ተናግሬ ስጨርስ ሙሽሪት ባልዲ ይዛ ስታልፍ አንገቷን አሰገገች። «ውይ አባዬ፣ ይቺማ ፀጉሯን ግማሹን ተተኩሳ መብራት የጠፋባት ሴትዮ ናት» አለች። «እዚህ ጋ ለጥ ብሏል፣ እዚህ ጋ ቆሟል። እንዲህ ሆና ሠርግ ልትሄድ ነው።»

አባባ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ «አየኋት» አሉ።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስነግራቸው «ጥሩ» እንጂ «አየሁ» ብለውኝ አያውቁም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ክዳኑ በተነሣ ቁጥር ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ እሷ ነው። እኔ አይቼ እናገራለሁ፣ እሳቸው እስክጨርስ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ «እስቲ ሙሽሪት» ይላሉ።

አንተ በምትሄድበት ሰሞን ከደረቀው ወንዝ ያገኘኸውን ትልቁን ድንጋይ አትረሳውም። በጆንያ አድርገን ሦስታችን እየተፈራረቅን ያመጣነውን፣ በተሸረፈው ጫፉ በኩል ሰማያዊ የሚታየውን። አባባ «የልጄ ድንጋይ» ብለው ማንም እንዳይነካው ከልክለው ነበር። እኔ ግን ሳልነካውም ቢሆን ዙሪያውን እያጠናሁ ኖሬአለሁ፤ መስመሩ የት ማለፍ እንዳለበት አውቀው ነበር። ሰኞ ዕለት «ትንሽ ብርሃን ሳለችኝ ይቆረጥ» አሉ። ደስታዬን ሳልጨርስ ደግሞ፣

«ዳኛዬ፣ መስመሩ የአንቺ ነው። ዓይኑ ግን የሙሽሪት ይሁን» አሉ።

«መስመርና ዓይን ተለያይተው አያውቁም አባባ። ደንቡ አንድ ነው።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ያወጣው ሰውም ይገዛበታል።»

«ልጅ ነው የወለድኩት ወይስ ጠበቃ?» አሉ።

ሙሽሪት «ኧረ እኔ ምን አገባኝ አባዬ፣ እሷው ትየው፤ እኔ ባልዲዬን ልጠብ» አለች። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። የገዛ መብቴን ከእሷ እጅ በስጦታ ልቀበል አልችልም። «አይሆንም፤ አባባ እንዳሉት ይሁን» አልኩ።

«እናንተ ሰዎች ድንጋይ ልታዩ ነው ወይስ ርስት ልትካፈሉ?» አለች። ለእኔ ርስቱ እሱ ነበር።

ድንጋዩ ከሥሩ ድቡልቡል ስለሆነ ማሰሩ ብዙ አደከመኝ። ሽብልቁን እየነቀልኩ መልሼ ተከልኩ፤ በመዶሻ እጀታ እየመታሁ ድምፁን አዳመጥኩ፤ እንደማይነቃነቅ ሳረጋግጥ ሞተሩን አስነሣሁ። አባባ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አድርገው ቆሙ። መጋዙ ሊጨርስ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ ከእኔ ቀድመው «ጨረሰ» አሉ። ጭጋጉ እስኪረጋ ጠብቄ ክዳኑን አነሣሁ፤ ሰሌዳውን ሳላየው ለሙሽሪት አቀበልኳትና ዞሬ ግድግዳ እያየሁ ቆምኩ።

ጨርቁ ሲንሸራተት ሰማሁ። ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ሙሽሪት ዝም ስትል ሰምቼ ስለማላውቅ ወጥታ የሄደች መስሎኝ ነበር።

«እህ?» አሉ አባባ።

«ቆይ አባዬ፣ ዘይቱ እኮ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። «ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው። ረጋ ያለ ውኃ ላይ ጠጠር ሲጣል ክብ ክብ እየሠራ ይሰፋ የለም? እንደዚያ ነው። ይሄ ግን ከዳር ተነሥቶ ወደ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ እየነጣ፣ እየነጣ። መሐሉ ላይ ሰው የመስኮት መስተዋት ላይ ተንፍሶ የሄደ ይመስላል።»

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያገኘው ልጄ ነው» አሉ።

የተነገረ ነገር ለሁሉም ይፈቀዳልና ዞርኩ። ተራ ድንጋይ ነው ወንድም ጋሼ። ሰማያዊው ቆዳው ላይ ብቻ ነበር፤ የጥፍር ውፍረት እንኳ የለውም። ውስጡ አመድማ፣ ድፍን፣ አንድ ሽንትር የሌለው ነው፤ መሐሉን ጭቃ የሞላበት ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዶበታል። ኋላ ሌላ ሰሌዳ አውጥቼ አይቻለሁ፤ በየት በኩል ቢቆረጥ ያው ነው። ሙሽሪት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ይቀለኝ ነበር።

«እስቲ» ብለው አባባ እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው ከዳሩ ተነሥቶ ሄደ። «ቀጥ ብሏል። ስለቱ አልዋለለም፤ ደኅና አድርገሽ አስረሽዋል» አሉኝ። ጣታቸው መሐል ሲደርስ ቆመ። ጥፍራቸውን ስንጥቁ ላይ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ወሰዱት። አንድ ነገር ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ፊታቸውን ወደ ሙሽሪት አላዞሩም፤ ወደ እኔ አዞሩ።

«ዳኛዬ፣ እንደምትለው ነው?»

በሕይወቴ እውነትና ምኞቴ በአንድ ወገን ቆመው ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። እውነት ነበረች። ደንቡ ለምን እንደተደነገገ ታስረዳልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ክዳን በተነሣ ቁጥር አባባ ወደ እኔ ይዞሩ ነበር። ደረቴ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ሰው እውነት ሊናገር ሲል እንዲያ ደስ ሊለው እንደማይገባ ስለማውቅ ራሴን ጠረጠርኩ።

«እንደምትለው አይደለም» አልኩ።

ሙሽሪት አንገቷን ደፋች።

«ክበቦቹ ወጥ አይደሉም» አልኩ። «በስተግራ ይጠባሉ፣ በስተቀኝ ሰፋ ይላሉ። የውጪኛው ሰማያዊ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እሷ ሁልጊዜ እንዳሳመረች ነው።»

አባባ ሰሌዳውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ከዚያ «አየሁት» አሉ። ለማን እንዳሉት ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ የተናገሩት በእኔና በእሷ መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ነበር።

እጃችንን ስንታጠብ ሙሽሪት «አረንጓዴው ደግሞ ከየት መጣ?» አለችኝ። «ሰማያዊ ብቻውን አይታመንም» አልኳት። ሳቀችና በዘይት እጇ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። ጣቶቿ ቀሚሴ ላይ ቀርተዋል፤ በሳሙናም አልለቀቁም። ወደድኳት ብዬ እንደጻፍኩ አድርገህ እንዳታነበው። የጻፍኩት ስለ ቀሚሱ ነው።

አባባ ሰሌዳውን በጨርቅ ጠቅልለው ራስጌያቸው አስቀምጠውታል። ለጎረቤት ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ሙሽሪት የፈጠረችውን ውኃ፣ እኔ የፈጠርኩትን ጥበት፣ አንዱንም ሳያስቀሩ። ለአንተም በስልክ ይነግሩሃል። ደስ እንዳለህ ሆነህ ስማቸው፤ «ፎቶ ላኩልኝ» እንዳትል። ጥፍራቸው ስንጥቁ ውስጥ ምን እንዳነበበ አላውቅም። አልጠየቅኳቸውም፤ አልጠይቃቸውምም።

ትናንት ሙሽሪት ገበያ ሄዳ ሳለ አንድ ትንሽ ድንጋይ ቆርጬ ብቻዬን ልነግራቸው ሞከርኩ። «ቢጫ ነው አባባ፣ ልክ እንደ…» ብዬ ጀመርኩ። እንደ ምን እንደሆነ አልመጣልኝም። ከሙሽሪት የሰማሁት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰለፈ፤ የራሴ ግን አንድም የለም። አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳዞሩ ጠበቁኝ። ትዕግሥታቸው ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

«እንደ ድንጋይ» አልኩ በመጨረሻ።

«ጥሩ» አሉኝ።

ስለዚህ ከላይ የሰጠሁትን ፍርድ ልሽረው ነው። ልሰርዘው እችል ነበር፤ ነገር ግን መጀመሪያ ምን እንደፈረድኩ ብታየው ይሻላል። አንተ የጠየቅከኝ አባባ ያለ እሷ መሥራት ይችሉ እንደሆነ ነው፤ መልሱም እንዳልኩህ ነው፣ ይችላሉ። ማየት ግን አይችሉም። ትኬቱን አትቁረጥ። ሚስትን ከባሏ አርቆ ማቆየትም አግባብ አይደለምና አንተ ራስህ ና። ፈቃድ ጠይቀህ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ና፤ አባባ በር ላይ የቆመ ሰው ጥላ ገና ይታያቸዋል፤ እሱም ሳይጠፋ ቁምላቸው። ከዚያ እሷና አንተ እሳቸውንም ጨምራችሁ የሚሆነውን ተነጋገሩ። እኔም እስከዚያ አንድ «እንደ» እንኳ ለማግኘት እሞክራለሁ።

አባባ ምርቃታቸውን ልከውልሃል፤ «ዓይኑን ይጠብቅልኝ» ነው ያሉት፣ ከዚያ ሌላ አልጨመሩም። የሙሽሪት ሰላምታ ከዚህ ወረቀት ስለሚበልጥ በራሷ ፖስታ ይደርስሃል። እኔ ደግሞ በወጣህበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፣ ስትመለስም በሰላም ያግባህ እላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። እሷ ለምን እዚህ እንደምትቆይ ስትነግራት የአባባ ዓይን ነው በላት፤ እውነት ነው። ትቆይ ያልኩት እኔ መሆኔን ግን እንዳትነግራት። እንድትሄድልኝ የምፈልግ መስሏት ትኑር። ሌላውን ሁሉ ወስዳለች፤ ይቺን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ።

አክባሪህና ናፋቂህ፣
እህትህ ዳኛዋ